ከአንበሳው ቤት የመጣ አቧራ

ሴት ናት። ደህናም ናት። ድምፅዋን የሰማ ሁሉ «ይቺስ ገበያ ትበትናለች» ብሏል። እናትየው ቀና ብላ ተቀምጣ ሾርባ ጠጥታለች፤ ጨው አንሶታል ብላም አማርራለች፤ ከዚህ በላይ የጤንነት ምልክት ከየት ይመጣል። የማን ልጅ እንደሆነች አሁኑኑ ብናገር ደስ ባለኝ። ነገር ግን እሱን ለመናገር መጀመሪያ ስለ አንድ ድንጋይ መናገር አለብኝ፣ ስለ ድንጋዩ ለመናገር ደግሞ ስለ ሕብስት። ደስታ ሰውን ያንተባትባል፤ ብንተባተብ ታገሡኝ።

ሕብስት ተወልዳ ያደገችው ጉለሌ ነው። እናቷ ስትሞት ታናሿ ሂሩት ገና በዳዴ ትሄድ ነበር፤ ሕብስት ራሷ ልጅ ሆና ልጅ አዘለች። ኋላ አንድ የውጭ አገር ዲፕሎማት ቤት ሞግዚት ሆና ገባች፤ ቤተሰቡ ወደ ጄኔቫ ሲዛወር ለሁለት ዓመት ብላ ተከተለቻቸው። ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ አገር ቤት አብዮት ፈነዳ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ቤተሰቡም ሌላ አገር ተመድቦ ሄደ። እሷ ግን ጄኔቫ ዳርቻ ሊኞን በሚባል ሰፈር፣ ሮን ወንዝ ዳር እንደ ዘንዶ ተጠማዞ በተጋደመው በዚያ ረጅም ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል ይዛ ቀረች።

ሂሩት አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ ነበረች። በቀይ ሽብር ጊዜ የክፍል ጓደኞቿ ከየቤታቸው ሲለቀሙ፣ አንድ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ በመተማ አድርጋ በእግሯ ሱዳን ገባች። ትኑር ትሙት ሳይታወቅ ብዙ ወራት አለፈ። ሕብስት ፍርሃትን የለመደችው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮኽ ተቀምጣ አታነሣም፤ መጀመሪያ ትቆማለች፣ ታማትባለች፣ ከዚያ ነው እጇ የሚዘረጋው። ደግ ወሬም ቢሆን የምትሰማው ቆማ ነው። ክፉን ተቀምጬ ከምሰማው ቆሜ ልስማው ትላለች።

ሂሩት በመጨረሻ ከካርቱም ወደ ስዊዘርላንድ መጣች፣ ዙሪክ ገባች፣ የትራም ጥገና ጋራዥ የሚሠራውን አስፋን አገባች። የሕብስት ልብ አሁን ሊያርፍ ነው ሲባል፣ የሂሩት ጽንስ ጨነገፈ። እንደገና አረገዘች፣ ያም ጨነገፈ። ሦስተኛው ሲመጣ ሕብስት ወሬውን ለማንም አልተነፈሰችም። ለእኔ እንኳ፣ ገበናዋን ሁሉ ለምታካፍለኝ፣ የነገረችኝ የእህቷ ሆድ በኮት አልሸፈን ካለ በኋላ ነው።

እንግዲህ ድንጋዩ። ሕብስት ጄኔቫ አንድ ሙዚየም ውስጥ ትሠራለች። የተቀጠረችው ለጽዳት ነው፤ ነገር ግን እጇ ረጋ ያለ ስለሆነ፣ የዕቃ ሳጥን ሲመጣ ምድር ቤት ወርዳ በመፍታት ታግዛለች። ዘንድሮ፣ በ1975 መስከረም፣ ከካርቱም በውሰት ብዙ ሳጥን ደረሰ። ጥንት በኑቢያ፣ በዓባይ ዳር፣ ነግሠው የነበሩ ሰዎች ዕቃ ነው ተባለ። አንዱ ሳጥን ሲከፈት ጭድ በመሰለ መደላድል ላይ አንድ ትልቅ የአሸዋ ድንጋይ ተኝቷል። ወደ ላይ በዞረው ፊቱ ላይ መስቀል ተቀርጿል፤ ከመስቀሉ ሥር ደግሞ አንዱ የአውራ ጣት፣ ሌላው የእንቁላል ያህል የሆኑ ጉድጓዶች አሉ፤ ብዙ ሰው ለብዙ ዘመን ፍቆ ፍቆ አፋቸውን ያለሰለሳቸው።

ሕብስት እንዲህ ያለ ጉድጓድ ታውቃለች። በልጅነቷ ትሳለመው በነበረው ቤተ ክርስቲያን ጥግ፣ እናቶች ለታመመ ልጅ፣ ለማይረጋ ጽንስ አፈር እየዛቁ ያጎደጎዱት ቦታ ነበር። አፈሩን እምነት ይሉታል፤ ጸሎት አድርሰው ይቀቡታል፣ በጠበልም ይበጠብጡታል። እዚህ አገር ጠበል የት አለ፣ እምነትስ የት አለ። ቄሱ እንኳ ያሉን አንድ ናቸው፤ ቀሲስ ኃይለመለኮት ከዙሪክ በወር አንድ ቀን ብቅ ይላሉ፣ ቀድሰውልን በማታ ባቡር ይመለሳሉ። እና ድንጋዩ ከሳጥኑ ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም፣ ከሥሩ ቀላ ያለ ቡናማ ዱቄት ቀረ። የክፍሉ ኃላፊ መዳም ሮሼ ሳጥኑን በቫኩም አጥሪው ብላት ወጣች። ሕብስት ማሽኑን አላስነሣችም። አማተበች፣ ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ሰበሰበች፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለች፣ ቅዳሜ በባቡር ወስዳ ለእህቷ ሰጠች። የክርስቲያን ድንጋይ ነው፣ መስቀል አለበት፣ ስንት እናት ተማጽናበታለች አለቻት። ሂሩትም ማታ ጸሎቷን ስታደርስ ቆንጠር እያደረገች ሆዷን ትቀባ ጀመር።

አስፋ በተማሪነቱ ሰልፍ ሲወጣ የኖረ፣ ሃይማኖትን የድሮ ሰዎች ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። ዱቄቱን አይቶ «ሚስቴን ግድግዳ አደረጋችኋት፤ ቀጥሎ ኖራ ትቀቧታላችሁ» አለ። ተሳቀ። ሳምንት ሳምንትን ተካው። የመጀመሪያው ጽንስ የጠፋበት ወር ደረሰና አለፈ፤ የሁለተኛውም አለፈ። ሕብስት እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር፤ ጉንጯ ሳይቀር ሞላ።

ታኅሣሥ ላይ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መዳም ሮሼ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ አስቀድማ ልታሳይ ወደ አዳራሹ አስገባች። ያ ድንጋይ መሀል ላይ በብረት መቆሚያ ተገትሯል፤ ዙሪያውን መዞር ይቻላል። ሕብስት መስቀሉን መሳለም አማራት፣ ሰው ስለበዛ ተወችው፣ እንደ ዋዛ ወደ ኋላው ዞረች። በወዲያኛው ፊት አንድ ሰው ቆሟል። ሰው እንዳይባል ራሱ የአንበሳ ነው። በአንድ እጁ ቀስት ጨብጧል፣ በሌላው የታሰሩ ምርኮኞችን ጠጉር ይዟል።

መዳም ሮሼ ደስ እያላት አስረዳች። ይህ አፔዴማክ ነው አለች፤ የመርዌ ነገሥታት የጦርነት አምላክ። እኛ አበሾች ህንደኬ የምንላቸው ንግሥቶች ሳይቀሩ የሚሰግዱለት፤ ድንጋዩም የመጣው ከእሱ ቤተ መቅደስ፣ ከአንበሳው ቤት ነው። ከዚያ በስተ ሰሜን ናፓታ በሚባለው ከተማ ደግሞ የበግ ራስ ያለው አሙን ነበር፤ ንጉሥ ሲሞት ወንድማማቾቹ በፊቱ ይቀርባሉ፣ የሚነግሠውን እሱ ይመርጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ውስጠኛው ክፍል ካህን ካልሆነ ሰው አይገባበትም። በበዓል ቀን የአምላኩን ምስል በመጋረጃ ሸፍነው፣ በትከሻ ተሸክመው፣ በጸናጽልና በከበሮ ወደ ውጭ ያወጡታል፤ ሕዝቡ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። መግባት ያልተፈቀደለት ድሃ ደግሞ የውጭውን ግድግዳ ይፍቅና ዱቄቱን ይዞ ይሄዳል፤ የአምላኩ ኃይል ቤቴ ይገባል ብሎ። ብዙ ዘመን ቆይቶ ክርስቲያኖች ቤቱን ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፣ መስቀል ቀረጹበት፣ እነሱም በዚያው ጉድጓድ መፋቃቸውን ቀጠሉ። የትኛው ጉድጓድ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም አለች መዳም ሮሼ፤ ለእሷ ይህ ደስ ከሚሉ ነገሮች ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ለሕብስት እያንዳንዱ ቃል ጥፊ ነበር። መጋረጃው፣ ትከሻው፣ ጸናጽሉ፣ ካህን ብቻ የሚገባበት ክፍል። ፈጽሞ የማይመስል ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ ጠላት የሚያስፈራው ዘመድ ሲመስል ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ቆይቶ የመጣባት ነው። ያን ቀን ሳጥኑ ውስጥ መስቀሉ ወደ ላይ ነበር። ዱቄቱ የቀረው ከሥር ነው። ከሥር የነበረው ደግሞ አንበሳው ነው።

ያን የቀረውን ቀን እንዴት እንደሠራች አታውቅም። የእህቷን ሆድ፣ ሁለት ጊዜ ባዶ የቀረውን ያንን ሆድ፣ ስንት ወር ሙሉ በገዛ እጇ በጣዖት አቧራ አስቀባችው። ስልክ እንዳትደውል፣ ነፍሰ ጡር መደንገጥ የለባትም። አስፋ ቢያነሣ ደግሞ ይስቅባታል። ዝም ብትል ሂሩት ዛሬም ትቀባለች፣ ነገም ትቀባለች። ስታወጣ ስታወርድ አድራ አንድ ዘዴ መጣላት። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለሆነ አክስቷ በሰው እጅ የላከችላት በሶ ቤት ውስጥ አለ። መልኩ ከዱቄቱ ጋር አንድ ነው። በወረቀት ጠቀለለችው። ሂሩት ሳታይ አንዱን በአንዱ እለውጣለሁ፣ በሶ ማንንም ጎድቶ አያውቅም አለች ለራሷ።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ባቡር ተሳፈረች። ሎዛን ከተማ አለፈ፣ በርን ከተማ አለፈ፣ መስኮቱ ላይ በረዶ ይወርዳል፣ እሷ ግን የምታየው ቀስት የያዘ እጅ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ሐሳብ እንደ ሌባ ገባባት። ይህ ሦስተኛው ልጅ እስከ ዛሬ የቆየው በአቧራው ቢሆንስ? አቧራውን ብወስድበት ያ አንበሳ የያዘውን ይለቅ ይሆን? ብላ አሰበችና ባሰበችው ነገር ደነገጠች፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ቢቀባም ፈራች፣ ቢቀርም ፈራች። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት አሮጊት አሟት መስሏቸው ከረሜላ ሰጧት።

ዙሪክ ደረሰች። ሂሩት ወጥ ልታማስል ወደ ማድ ቤት ገባ ስትል ሕብስት ከራስጌዋ ያለውን ጥቅል አነሣች፣ የራሷን አኖረች፣ ያነሣችውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ላብ አጠመቃት። ምሳ ተበላ፣ አስፋ ከማለዳ ሥራ ገብቶ ተቀመጠ፣ ወሬ ተጀመረ፣ ሕብስት ትንሽ ተነፈሰች። ከዚያ ሂሩት ወገቤን ቆረጠኝ አለች። እህቴ አጠገቤ እያለሽ ማታን ምን አስጠበቀኝ፣ አሁኑኑ አንቺው ቀቢኝ ብላ ጥቅሉን አምጥታ ፈታችው። አስጠጋችና አሸተተችው። እንደገና አሸተተች።

«እታለም» አለች። «ይሄ እኮ በሶ ነው።»

አስፋ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። «በሶ ነው። ስኳር ብቻ ነው የቀረው።»

ሕብስት ተነሥታ ቆመች። ደግም ክፉም ሲሆን የምትቆመው እንደዚሁ ነው። ከሳጥኑ ጀምራ እስከ ባቡሩ ሁሉንም ተናገረች፤ አንበሳውን፣ ምርኮኞቹን፣ ከሥር የቀረውን ዱቄት። የባቡሩን ሐሳብ ብቻ ዋጠችው። ስትጨርስ ማንም አልሳቀም። አስፋ እንኳ አልሳቀም፤ ወለሉን አየና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እትዬ፣ ሁለቱ ሲጠፉ አቧራም አልነበረም፣ አንበሳም አልነበረም። ያኔ ማንን ከሰስን?»

ሂሩት ግን ተቆጥታ ነበር። ከፍርሃት አልነበረም፤ ሕብስት እስከዚያ ቀን ያላየችው ቁጣ ነው። «ከመተማ እስከ ገዳሪፍ፣ ድንጋይሽ የመጣበትን የሱዳንን አቧራ ነው የበላሁት» አለች። «ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ ጥርሴ ውስጥ ገብቷል፣ የማን ነው ብዬ ተፍቼው አላውቅም፤ ውሃም የሰጠኝ ሰው የማን ልጅ ነሽ አላለኝም። አንቺ ግን ያሳደግሽኝ እህቴ በበሶ ታታልይኛለሽ። እንደ ሕፃን።» ይህን ብላ ቦርሳውን ልትቀማ ተነሣች። ተነሥታም እንዳለች ቀረች፤ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«እታለም» አለች፣ አሁን በሌላ ድምፅ። ከእግሯ ሥር ወለሉ ርሷል።

ቀኗ ገና ነበር። አስፋ ታክሲ ጠራ፣ ሻንጣ ያዘ፣ ሻንጣው ባዶ መሆኑን ደረጃው ላይ አወቀ፣ ተመለሰ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሂሩትን በተሽከርካሪ አልጋ አስገቧት፤ አስፋም ተከትሎ ገባ፤ ሕብስት ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቀረች። እኔ ነኝ ያመጣሁባት አለች። ወይ አቧራው ነው፣ ወይ አቧራውን መውሰዴ ነው፣ ወይ ድንጋጤው ነው፤ በየትም በኩል ብትዞረው መጨረሻው እሷ ናት። ቦርሳዋን እንዳትይዘው ፈራች፣ ወለል ላይ እንዳታስቀምጠው ፈራች፤ በሁለት ጣት አንጠልጥላ ቆመች። በሩ በተከፈተ ቁጥር የምትወጣውን ነርስ ፊት ታነባለች፤ የስዊስ ነርስ ፊት ደግሞ እንደ ታሸገ ሳጥን ነው፣ ከውጭ አይነበብም። አንድ ጊዜ ከውስጥ የሂሩት ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ።

በዚህ መሀል ቀሲስ ኃይለመለኮት ከተፍ አሉ። የጠራቸው ማን ነው ብትሉ አስፋ ነው፤ ሰልፈኛው አስፋ፣ ከሆስፒታሉ ስልክ ወደሚሠሩበት ሆቴል ደውሎ። ቀሲስ በሳምንቱ ቀን የሆቴል ልብስ አጣቢ ናቸው፤ ከነሽርጡ ነው የመጡት፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ፤ መስቀሉን ግን አልረሱም። ሕብስት ተሳለመችና ሁሉንም ነገረቻቸው። የባቡሩን ሐሳብ ሳይቀር። ቀሲስ ሰምተው ሲጨርሱ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«የሓ ነው የተማርኩት» አሉ። «ትግራይ። እዚያ ከክርስትና በፊት ለጨረቃ ይሰግዱበት የነበረ ትልቅ ቤት አለ፤ ጣሪያው ወድቋል፣ ግድግዳው እስከ ዛሬ ቆሟል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አጠገቡ ነው። ግድግዳችን ውስጥ የዋልያ ራስ የተቀረጸበት ድንጋይ ተሰክቷል፤ ለጨረቃ የሰገዱት ሰዎች የጠረቡት ነው። እኔ ውዳሴ ማርያም ያጠናሁት እዚያ ግቢ ነው፤ ዋልያውን ቀና ብዬ እያየሁ። እስከ ዛሬ አልወጋኝም።»

ሕብስት ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። የኔስ ከአንበሳው ወገን ነው አባቴ፣ ከሥር ነው ያፈስኩት አለች።

«ስታፍሺው ማንን ጠራሽ?»

«እመቤቴን።»

«በቃ። ደብዳቤው የሄደው ለእሷ ነው። ወረቀቱን የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው እሷ አትጠይቅሽም።» ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «በሶው ግን ጥፋት ነው። እህትን ማታለል። እስከ ልደት በሶ እንዳትቀምሺ፤ ንስሐሽ ይሄ ነው።»

ይህን ሲሉ በሩ ተከፈተ። ነርሷ ወጣች፣ ወደ ሕብስት አየች። ሕብስት እንደ ልማዷ ልትቆም ግድግዳውን ያዘች፤ እግሯ እምቢ አለ። እንደገና ሞከረች፣ እምቢ አለ። እና ይኸውላችሁ፣ የሂሩት ሴት ልጅ መወለዷን፣ ቀኗ ሳይደርስ ብትመጣም ሳንባዋ ሙሉ እንደሆነ፣ እናትየውም ደህና እንደሆነች ሕብስት የሰማችው ተቀምጣ ነው። ስንት ዓመት ስልክ ቆማ ያነሣች ሴት። ቀሲስ ሽርጣቸውን ሰጧት፤ ዓይኗን ጠረገችበት።

ሲገቡ ሂሩት አሁንም እንደተቆጣች ነበረች፤ ልጅቱን ግን ከማንም አስቀድማ ለእህቷ አሳቀፈቻት። «ያዣት» አለቻት። «እንዳትለውጫት ብቻ።» አስፋ ጥግ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ሲጠርግ ቆየና፣ ስሟ ህንደኬ ይሁን አለ። ቀሲስ ሳቁ። ሕብስት አልሳቀችም፤ የአንበሳውን ቤት ንግሥት ስም በልጅቱ ላይ፣ እሱን ደግሞ ገና ልትከራከርበት ነው። ጥቅሉም እስከ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሰኞ ለመዳም ሮሼ እመልሳለሁ ብላለች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ግን ገና እያሰበች ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ ጠዋት በስልክ ስትነግረኝ መቀመጧን ጠየቅኋት። ተቀምጫለሁ አለች፤ ድምፅዋ ራሱ የተቀመጠ ይመስላል።

በሉ እኔ ልነሣ። ላንሲ ሰፈር የሚኖሩት እትዬ ሸዋረጋ ጆሯቸው ከብዷል፣ ስልክ አይሰሙም፤ ይህን ወሬ ከሌላ ሰው ከሰሙ እስከ ፋሲካ ያኮርፉኛል። ኮቴን ለብሻለሁ፣ አንድ ጓንቴን አጥቼዋለሁ፣ አውቶቡሱም መታጠፊያው ላይ ይታየኛል።